ገንዘብ የሌለው ፊልም በማን ጉልበት ይሠራል?

ውድ አንባቢ፣ ለመሆኑ ፊልም ተመልክተው ሲያበቁ ወዲያው ከወንበርዎ ይነሣሉ ወይስ በመጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ቁጭ ብለው ያነባሉ? አብዛኞቻችን እንነሣለን። የምናስታውሰው የተዋናዩን፣ ቢበዛ ደግሞ የዳይሬክተሩን ስም ነው። ካሜራውን የተሸከመው፣ ማይክሮፎኑን በረዥም ዘንግ ላይ አስሮ ክንዱ እስኪዝል ከተዋናዮቹ ራስ በላይ የያዘው፣ የመብራት ገመድ የዘረጋው፣ ለሠራተኛው ወጥ የሠራችው፣ በሌሊት መኪና የነዳው ሰው ስሙ ሲያልፍ እኛ በሩ ላይ ደርሰናል።

ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሰዎች ነው። በተለይም በቂ በጀት በሌለው ፊልም ላይ፣ ከስቱዲዮ ውጭ፣ በሰው መንደርና በሰው ማሳ ላይ ስለሚሠሩት ነው። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ እንዳይመስልዎ። እዚህ ሲያትል ያደጉ ልጆቻችን አንዳንዶቹ ካሜራ ይዘዋል። ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ በርዎን አንኳክቶ «ጋሼ፣ ቤትዎ ውስጥ ፊልም ልቅረጽ፤ መኪናዎንም ያውሱኝ፤ ቅዳሜንና እሑድንም ይርዱኝ፤ የምከፍለው ግን የለኝም» ሊልዎ ይችላል። እሺ ይሉታል ወይስ እምቢ? እሺ ካሉትስ በምላሹ ምን ይጠይቁታል? መልሱን ለማግኘት ያለፈውን ታሪክ መመልከት ይበጃል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ሳምንትና ሦስት ሺህ ዓመት

ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ መጥተው በቺካጎ ቲያትር ተማሩ፤ ከዚያም ሎስ አንጀለስ በሚገኘውና ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በሚባለው ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1974 ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ወደ አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም ቀረጹ።

እስቲ ጊዜውን ያስታውሱ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነጂዎችና መምህራን አድማ መቱ፤ ወታደሩ በየጦር ሰፈሩ አመፀ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙ የተቀረጸው እንግዲህ አሮጌው ሥርዓት እየፈረሰ፣ አዲሱ ግን ገና መልኩ ሳይለይ በነበረበት በዚያ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፣ ያርሳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ ይቆጣጠራቸዋል፤ ይሰድባቸዋል። ከበበ የተባለ፣ ሰው ሁሉ «እብድ» የሚለው ሰው ደግሞ ሌላው በልቡ የያዘውን እውነት አደባባይ ላይ ይናገራል። ፊልሙ በአማርኛ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ተዋናዮቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ቀረጻው የፈጀው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። 150 ደቂቃ ለ14 ቀን ቢካፈል በየቀኑ ከ10 ደቂቃ በላይ ያለቀለት ፊልም ማለት ነው። ትልልቆቹ የሆሊዉድ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ካገኙ ቀኑ ጥሩ ነበር ይላሉ። ከዚህም ሌላ በዚያን ዘመን የተቀረጸውን እዚያው መልሶ ማየት አይቻልም ነበር። የ16 ሚሊሜትር ጥቅል 400 ጫማ ርዝመት ያለው ሲሆን የሚቀርጸው 11 ደቂቃ ያህል ነው። ያለቀው ፊልም ብቻውን 14 ጥቅል ይሆናል፤ የተበላሸው፣ የተደገመውና ተቆርጦ የቀረው ሳይቆጠር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ገንዘብ ነው። ፊልሙ በላቦራቶሪ ታጥቦ እስኪታይ ድረስ ደግሞ ምስሉ መውጣቱን የሚያውቅ ማንም የለም።

እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የረዳቶቹ ጥንቃቄ ነፍስ ነው። የካሜራው ረዳት ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ሁለት እጁን አስገብቶ፣ ሳያይ፣ በዳበሳ ብቻ አዲሱን ፊልም ያጎርሳል። ጣቱ ከተሳሳተ የአንድ ጠዋት ሥራ በብርሃን ይቃጠላል። በየቀረጻው መካከል ፊልሙ በሚያልፍበት መስኮት ላይ ብናኝ ወይም ፀጉር መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። ምስሉና ድምፁ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ስለሚቀረጹ አንዱ ሰው ሁለት እንጨት «ጧ» ያደርጋል፤ በኋላ ላይ ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያገጣጥመው ያ «ጧታ» ነው። ሌላው ደግሞ ተዋናዩ ነጠላውን በየትኛው ትከሻው እንዳጣፋ፣ በየትኛው እጁ ዱላ እንደያዘ ይመዘግባል፤ ያለዚያ በአንዱ ምስል ግራ የነበረው በቀጣዩ ቀኝ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ፊልም ካሜራማን ኤሊዮት ዴቪስ ይባላል። ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ታሪኩ እዚሁ በዋሽንግተን ስቴት፣ ፎርክስ በምትባለው ትንሽ ከተማ የሆነውን «ትዋይላይት» የተባለውን ታላቅ የገበያ ፊልም የቀረጸው እሱ ነው። ልጆችዎ ያን ፊልም አይተውት ከሆነ፣ ያ ዓይን አስቀድሞ የኢትዮጵያን ገበሬ እርሻ ያየ ዓይን መሆኑን ይንገሯቸው።

ደቦ፣ ወንፈልና ጭሰኝነት

የተማሪ ፊልም ይህን ሁሉ ጉልበት በገበያ ዋጋ ሊገዛው አይችልም። ታዲያ በምን ያገኘዋል? እኛ የገበሬ ልጆች ለዚህ ቃል አናጣም።

ደቦ አለ። ጠሪው ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጎረቤት እየዘፈነ በአንድ ቀን ማሳውን ያጭድለታል፤ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ወንፈልም አለ። ወንፈል ተራ አለው፤ ዛሬ የእርስዎ፣ ነገ የእኔ፣ ከነገ ወዲያ የሦስተኛው። ከዚያ ደግሞ ጭሰኝነት ነበረ። ጭሰኛው ካመረተው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ሰጥቶ ሲያበቃ በላዩ ላይ የባለርስቱን አጥር ያጥራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ድግስ ሲኖር ይላላካል። ባለርስቱ ግን የጭሰኛውን ማሳ ሲያርም የታየበት ቀን የለም።

በሦስቱም ላይ ደመወዝ አይከፈልም። ከሩቅ ለሚያያቸው ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ልዩነቱ ያለው የአጫጁ ተራ ይደርሳል ወይስ አይደርስም በሚለው ላይ ነው። ገንዘብ የሌለው ፊልም ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው። ሠራተኛውን የጠራው ለወንፈል ነው ወይስ ለጭሰኝነት?

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ራሱ የሚናገረው ስለ ነፃ ጉልበት ስለሆነ ይህን ጥያቄ ከእሱ በተሻለ የሚያስነሣ ፊልም የለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ። ፊልሙ በ1976 በስዊዘርላንድ በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ሲሸለም በውስጡ የሚታየው ሥርዓት በወረቀት ላይ ሞቶ ነበር። በ2006 ደግሞ በፈረንሳይ በካን ፌስቲቫል እንደገና ታየ። ሁለት ሳምንት የፈጀ ድካም ከ30 ዓመት በላይ ኖረ ማለት ነው።

የሎስ አንጀለስ ወንፈል

እነዚያ ተማሪዎች በአሜሪካም ሲሠሩ የነበረው በወንፈል ነው። በ1970ዎቹ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የተሰባሰቡት ጥቁር አሜሪካውያንና አፍሪካውያን ወጣቶች አንዱ ዳይሬክተር ሲሆን ሌላው ካሜራ ይይዝለት ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1975 ያጠናቀቁትን «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም ከቀረጹት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው። በርኔት ራሱ ዳይሬክተር ነበር። ጓደኛው ቢሊ ዉድቤሪ በ1984 ያወጣውን ፊልም ድርሰቱንም የጻፈለት፣ ካሜራውንም የያዘለት እሱ ነው። ተራ ማለት ይህ ነው።

በመንገድ ላይ መቅረጽ ግን አደጋም ነበረው። «ቡሽ ማማ» ሲጀምር ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ያ ትርኢት አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች በእርግጥ ያስቆሟቸው የፊልሙን ሠራተኞች ነበር፤ ካሜራው አልጠፋምና ተቀረጸ። ጥቁር ሰው ውድ መሣሪያ ተሸክሞ መንገድ ላይ ሲገኝ ሌባ መሰላቸው። ፊልሙ በ2022 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው ፊልሞች መዝገብ ገባ።

በርኔት በበኩሉ «ኪለር ኦቭ ሺፕ» የተባለውን ፊልሙን ዋትስ በሚባለው ሠፈር በየሳምንቱ መጨረሻ ጎረቤቶቹን እያሰለፈ ቀረጸ። ወጪው ከ10,000 ዶላር በታች ነበር። በ1977 አጠናቆ ለዩኒቨርሲቲው አቀረበው፤ በ1990 እሱም በዚያው ብሔራዊ መዝገብ ተመዘገበ። ይሁንና በሲኒማ ቤቶች ለሕዝብ የቀረበው በ2007 ነው። ለምን ቢሉ፣ በፊልሙ ውስጥ ለሚሰሙት ዘፈኖች ፈቃድ ስላልተገዛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጎረቤቶቹ ድካም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ከዚህ ላይ የምንማረው አለ። ድሃ ፊልም የሚወድቀው ሁልጊዜ በካሜራ እጦት አይደለም፤ በጊዜው ባልተጻፈ አንድ ወረቀትም ይወድቃል።

ቀረጻው ሲያልቅ ሥራው አያልቅም

በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» የዚህን ነገር ሌላ ገጽታ ያሳያል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ስለ ባርነት ዘመን የሠሩት ይህ ፊልም ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ። በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ሆኖም አሜሪካ ውስጥ አከፋፍላለሁ የሚል ኩባንያ ጠፋ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው ማሳየት ጀመሩ። የየከተማው ጥቁር ሕዝብ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ አዳረሰ፤ ቲኬት ሸጠ፤ ሰልፍ ያዘ። ፊልሙ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ለመታየት የበቃው ያ ሕዝብ አስቀድሞ ስላላስረሳው ነው። እንግዲህ የፊልም ሠራተኛ ማለት ካሜራው አጠገብ የቆመ ብቻ አይደለም፤ ቲኬት የሸጠውም ሠራተኛ ነው።

«ጤዛ» ደግሞ ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው 14 ዓመት ወሰደ። ኢትዮጵያና ጀርመን ውስጥ ተቀርጾ በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 በዋጋዱጉ በሚካሄደው ፌስፓኮ የአንደኝነቱን ወርቃማ ፈረስ አገኘ። ሥራ እየተቋረጠ በሁለት አህጉር ሲቀረጽ ልብሱን፣ ፀጉሩንና ጢሙን የሚመዘግበው ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ያስቡት። ተመልካቹ ያንን ድካም የማያውቀው ሥራው በትክክል ስለተሠራ ነው።

ጉልበት ያለ ገደብ ሲጠየቅ

እስካሁን መልካሙን አነሣን። ክፉውም መነገር አለበት። የካቲት 20 ቀን 2014 በጆርጂያ ስቴት «ሚድናይት ራይደር» የተባለ ፊልም ሲቀረጽ ዳይሬክተሩና ረዳቶቹ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ባቡር የሚያልፍበት ድልድይ ላይ ወጡ። የባቡሩ ኩባንያ ሐዲዱ ላይ እንዲቀርጹ አልፈቀደም ነበር። ሳይታሰብ ባቡር ደረሰ። የካሜራ ረዳት የነበረችው ሳራ ጆንስ በ27 ዓመቷ ሞተች፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ዳይሬክተሩ በ2015 ጥፋተኛነቱን አምኖ ታሠረ።

ያቺ ልጅ ባለቤት አልነበረችም፤ «ፈቃድ አለን?» ብላ ለመጠየቅ ሥልጣን የነበራት አይመስላትም ይሆናል። በአነስተኛ በጀት የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሥራው ይወደዳል፤ ወዳጅነት አለ፤ «አንዴ ብቻ፣ ቶሎ ብለን እንጨርስ» ይባላል። እምቢ ማለት ወዳጅን መክዳት ይመስላል። አደጋውም የሚመጣው በዚሁ በር ነው።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። «አሁን ባልከፍልህም ፊልሙ ሲሸጥ ድርሻህን ታገኛለህ» የሚል ቃል በዚህ ሙያ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ወጪያቸውን ስለማይመልሱ ያ ድርሻ አይመጣም። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ሠራተኛውን «በጎ ፈቃደኛ» ብሎ በነፃ ማሠራት አይችልም። ጓደኛሞች የጋራ ንብረታቸውን በጋራ ሲሠሩ ሌላ ነው፤ አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ሎሌ ሲሆን ሌላ ነው።

ወደ ሲያትል እንመለስ

በ2005 «ፖሊስ ቢት» የተባለ አነስተኛ ፊልም በዚህችው ከተማችን ተሠርቶ በሰንዳንስ ፌስቲቫል ቀረበ። ዳይሬክተሩ ሮቢንሰን ዴቮር ሲሆን ድርሰቱን አብሮት የጻፈው ከዚምባብዌ የመጣው ጋዜጠኛ ቻርልስ ሙዴዴ ነው። ታሪኩ በብስክሌት እየዞረ ስለሚጠብቅ አንድ ሴኔጋላዊ ስደተኛ ፖሊስ ነው። ሰውየው ከሰው ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል፤ በሐሳቡ ግን የሚያወራው በወሎፍ ነው። የሲያትል መናፈሻና የሲያትል ውሃ በአፍሪካዊ ቋንቋ ሲታሰቡ በአዳራሽ ተሰሙ። እንግዲህ በወሎፍ ከተቻለ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከተማዋም ለድሃ ፊልም ሠሪ አትከፋም። ደመናዋን ብናማርርም ደመና ለካሜራ ነፃ መብራት ነው፤ የአገራችን የቀትር ፀሐይ ከዓይን ሥር የሚጥለውን ጥቁር ጥላ ያጠፋል። ካፊያውም ከኋላ ብርሃን ካልበራበት በቀር በምስል ላይ ብዙም አይታይም። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይቀረጻል። በ1995 የተመሠረተውና ካፒቶል ሂል ላይ የሚገኘው ኖርዝዌስት ፊልም ፎረም ለጀማሪዎች ትምህርት ይሰጣል፤ የነፃ ሠሪዎችን ሥራም ያሳያል። ልጅዎ ፍላጎቱ ካለው መነሻ አያጣም።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ወጣቱ በርዎን ሲያንኳኳ እሺ ይበሉት እላለሁ። ነገር ግን እንደ ምጽዋት አይስጡት፤ እንደ ግብርም አይገብሩለት። እንደ ወንፈል ይስጡት፤ ወንፈል ደግሞ ደንብ አለው።

አንደኛ፣ የስንት ቀንና በቀን የስንት ሰዓት ሥራ እንደሆነ አስቀድሞ ይንገርዎ። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ሰው ቀኑን ሙሉ መብራት ተሸክሞ ሲመሽ እንደገና መሪ መያዝ የለበትም። ሁለተኛ፣ ትኩስ ምግብ ይኑር። ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፤ ይህ ውለታ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ ለቦታው ፈቃድ መውሰዱን፣ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የሚጠቀምበት ዘፈን የማን እንደሆነ በጽሑፍ ያሳይዎ። አራተኛ፣ ፊልሙ ቢሸጥ የሠሩት ሰዎች ድርሻ ስንት እንደሆነ ከቀረጻው በፊት ይፈረም። አምስተኛ፣ ስምዎ በትክክል ተጽፎ ይግባ፤ ድንች የላጠችው እናትም ስሟ ይግባ። ስድስተኛውና ዋናው፣ የእርስዎ ልጅ ወይም የጎረቤትዎ ልጅ ነገ ሲጠራው እሱም መጥቶ ገመድ ይሸከም። ይህን ስድስተኛውን ቃል የማይገባ ሰው የሚፈልገው ጎረቤት ሳይሆን ጭሰኛ ነው።

የምናጣውንም እናስብ። ከ1980 የስደተኞች ሕግ ወዲህ በሱዳን በረሃ አድርገው እዚህ የደረሱት ወገኖቻችን ዛሬ ሸምግለዋል። በእግር የተሻገሩትን ድንበር፣ ካርቱም ላይ የጠበቁበትን ዘመን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠሩ በሌሊት የተማሩበትን ክረምት የሚያውቁ ሰዎች በሬኒየርና በቼሪ መንገድ በየካፌው ተቀምጠዋል። ሆሊዉድ መጥቶ አይቀርጽልንም። ቢመጣም በራሱ ዓይን ነው የሚያየን። የሚቀርጹት ልጆቻችን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብቻቸውን አይችሉትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። የአንዱን ሎሚ እርስዎ ይያዙ፤ ተራዎ ሲደርስ ደግሞ ሳያፍሩ ይጥሩ። ቸር ይግጠመን።